የፈረንጅ በገና

ወንድሜ መርስዔ ኃዘን የሚጫወተውን ሙዚቃ አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ አስመሳይ እንዳልባል። አስካለ ማርያም እባላለሁ። ቀየት ከተማ ገበያው ዳር ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስና ባና እሸጣለሁ፤ አፌ እንደማያርፍ ደግሞ አገር ያውቀዋል። ስለ በግ ጠጉር የጠየቀኝ ሰው እስኪሰለቸው እነግረዋለሁ። ስለ ጃዝ ግን የማውቀው ወንድሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ካወቅኩት።

አባታችን መሪጌታ አትናቴዎስ ናቸው። በዜማው በኩል እዚህ አገር የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ በገና ይደረድራሉ። በየዓመቱ በገብር ኄር እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኅበርተኛው ዳቦና ጠላ በሚቀምስበት ሰንበቴ ቤት ይቀመጡና እስኪበቃቸው ይደረድራሉ። ለዚያ ሲል ከሞላሌ ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር። እናታችን በሕይወት ሳለች ያን ቀን ጥግ ላይ ሆና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ስታለቅስ ትውል ነበር።

መርስዔ ድቁና ተቀብሎ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። እንዳው ምን እንደነካው አላውቅም፣ አዲስ አበባ ሄዶ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። ቁመቱ ረዘም ያለ ነውና ከሰው የሚበልጠውን ደብል ቤዝ የሚባለውን መሣሪያ ሰጡት። ወፍራሙን አውታር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስበው፣ ልጅ ሆኖ ጀርባውን የአባባ በገና ላይ አስደግፎ ሲቀመጥ ደረቱ ውስጥ ይሰማው የነበረው ነገር እንደተሰማው አንድ ጊዜ ነግሮኛል። እኔም ታዲያ በገናውን ራሱን አትይዝም ወይ ብዬው ነበር።

መጀመሪያ ሆቴል ቤትና ሰርግ ላይ ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ ኮርቼበታለሁ፤ ልብሱ ያማረ፣ ሙዚቃውም ሰው የሚጨፍርበት። ከዚያ አንድ ቀን ባንዱን ትቶ ወጣ። ሰው የሚጨፍርበት ነገር ሰለቸኝ አለ። ጀርመን አገር ሄዶ ከአንድ ጥሩምባ ነፊና ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀረፀ። ሁለተኛውን ብቻውን። ለሦስተኛው እዚህ አጠገባችን ወዳለው ጓሳ ሜዳ ድረስ መጥቶ፣ ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ንፋሱን ቀርፆ፣ በላዩ ላይ ቤዙን ተጫወተበት። ስለዚያ ሸክላ የውጭ ጋዜጦች ብዙ ጻፉ አሉ። ጓሳ ላይ ንፋስ ለመስማት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ በነጻ አስነፍሰዋለሁ።

ሸክላዎቹን ይልክልኛል፤ ማጫወቻ ግን ቀየት ውስጥ የለም። አንዱን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው የሱ ጀርባ ነው። ወንድምሽ ይህ ነው ወይ ሲሉኝ አዎ፣ ከኋላው ነው እላለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የቴሌቪዥኑ ነው። በበዓል ቀን በቴሌቪዥን ይቀርባል ተብሎ እኔ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ተሾመች ጠላ ቤቷ ውስጥ ቴሌቪዥን ስላላት እዚያ ተሰበሰብን። መርስዔ ቀረበ። ያን የሚያህል እንጨት አቅፎ ደጋኑን ሳብ ሲያደርገው፣ ዘይት ያጣ በር ነው የሚመስለው። ሰዉ ታገሠ፣ ታገሠ። ተሾመች አየችኝ። ቴሌቪዥኔ ተበላሸ መሰለኝ አለችና ወደ ኳሱ ቀየረችው። እያሾፈች አልነበረም፤ የምር መስሏት ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለሳምንት ያህል በተሾመች ደጅ አላለፍኩም።

ይህን ሁሉ የማወራው ነገሩ ድንገት እንዳልመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ዘንድሮ አባባ ለመመንኮስ ቆረጡ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ልባቸው እዚያው ነበር። ዳግማ ትንሣኤ ሲያልፍ ወደ መርሐቤቴ በኩል፣ ቆላ ወዳለው ገዳም ሊወርዱ ከገዳሙ ጋር ተስማሙ። እዚያ ከገቡ በኋላ ከጸሎት በቀር ሌላ ድምፅ አይሰሙም። ለመርስዔ ደውዬ ነገርኩት። ያለቅሳል ብዬ ነበር። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ይሰሙኝ ይሆን ወይ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ፈረንጅ ቆሞ ያጨበጨበለትን ወንድሜን አባቱ አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። እሳቸው እምቢ ብለው አይደለም። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እሱም ፈርቶ አላቀረበ፣ እንዲሁ ዕድሜው አለፈ። አሁን ለሳቸው ብሎ አዲስ ሥራ እንደሠራ ነገረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ አለኝ። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተሾመች ቴሌቪዥኑን ስትቀይር ትዝ አለችኝ።

የአባባ እጅ ዘንድሮ እየተንቀጠቀጠ ለበገናው አልታዘዝ ብሏቸዋል። የደብራችን አስተዳዳሪ አለቃ መልከ ጼዴቅ፣ ለገብር ኄር ማን ይደረድርልናል እያሉ ይጨነቁ ነበር። እኔ ሄድኩና ልጃቸው ይመጣል፣ እሱ ይደረድራል አልኳቸው። ምን ይዞ አሉኝ። ጃዝ ብላቸው በጾም መካከል፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከደጅ ይመልሱት ነበር። የፈረንጅ በገና ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። የመሪጌታ ልጅ የመሪጌታን ቦታ ያዘ ብለው ለሰዉ ሁሉ ተናገሩ።

መርስዔ ዓርብ ዕለት ከሚኒባሱ ሲወርድ ያን ቤዝ በትልቅ ማኅደር አድርጎ ይዞት ነበር። ተሾመች ለገዳሙ የመጣ ዘመናዊ ቀፎ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በገና ነው አልኩ። ቤት ገብታ እስኪከፈት ጠበቀችና አውታሮቹን ቆጠረች። የአባባ በገና አሥር አውታር አለው፤ ይህ አራት ብቻ። ስድስቱስ የት ሄዱ አለች። ጾም ስለሆነ ቀንሶ ነው አልኳት፣ ምን ልበል።

እሷ ስትወጣ ወንድሜን ቁጭ አድርጌ ሕግ አወጣሁለት። ደጋኗን ከማኅደሩ እንዳታወጣት አልኩት። በደጋን የሚመታ ነገር እዚህ አገር መሰንቆ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ በዐቢይ ጾም አዝማሪ ሆኖ መጣ ይሉናል፣ አባባ ከዚህ ስም ጋር ገዳም ይገባሉ ወይ አልኩት። ደጋኗን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረጋት። ግማሹ ሥራ በሷ ነው የተሠራው አለኝ። ከዚያ መልሶ አስቀመጣት።

ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው ብሎ ጠየቀኝና ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን፣ «እትዬ፣ በገና እኮ አይደለም» አለኝ። ለአንድ ቀን ይሁን፣ ምን አለበት አልኩት። እሱም እሺ አለ። እሺ ባይነቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ እኔም ከልጅነቱ ጀምሮ እጠቀምበታለሁ።

እሑድ ሆነ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም ነበር። የዕለቱ ወንጌል መክሊቱን ስለቀበረው አገልጋይ ነው፤ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፣ ያን ቀንም ሰማሁት፣ ሐሳቤ ግን ቤዙ ላይ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አባባን ከምሰሶው ሥር አስቀመጧቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። መርስዔ ትንሽ መቅረጫ መስኮቱ ላይ አኖረና ቆመ። በገና ተቀምጠው ነው የሚደረድሩት፤ እሱ ሲቆም አንዳንዱ ተያየ። የፈረንጅ ስለሆነ ነው አልኩ አጠገቤ ላሉት።

ጀመረ። አንድ ወፍራም ድምፅ አወጣና እስኪጠፋ ተወው። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ዝም። አውታሩን በጥፍሩ ፈገፈገው፣ እንጨቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። እኔ እሱን አላየሁም። የሰዉን ፊት ነበር የማየው፤ ማን ሊስቅ ነው፣ ማን ሊነሳ ነው እያልኩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ስዘል ቆየሁ።

ማንም አልሳቀም። ማንም አልተነሳም። ዳቦ የያዘው ዳቦውን እንደያዘ፣ ጽዋ ያነሳው ጽዋውን እንዳነሳ፣ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ተሾመች ዓይኗን ጨፍናለች። ወይ ጉድ፣ ወደዱለት አልኩ በሆዴ። እኔ ነኝ እንጂ መሃይሟ፣ አገሩስ ገብቶታል አልኩ። እንዲያውም ቀና ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ እኅቱ መሆኔ እንዲታይ።

እሱ እጆቹን አውታሮቹ ላይ ዘርግቶ አሳረፋቸው። ዓይኑን ገለጠና አባባን አየ። አባባ ከንፈራቸውን ሊያላቅቁ ሲሉ አለቃ መልከ ጼዴቅ በደስታ ቀደሟቸው።

«እግዚአብሔር ያበርታህ ልጄ፣ ግሩም ተቃኝቷል። በል አሁን ጀምርልን።»

ሰዉ ሁሉ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሳሉን አፍኖ የቆየው አሁን ሳለ። ተሾመች ጽዋዋን መሬት አስቀምጣ ለልቅሶ ተዘጋጀች። ያን ጊዜ ገባኝ። በገና ሲቃኝ ወሬ ነውር ነው፤ አባባ ሲቃኙ ዳቦው እስኪቀዘቅዝ የሚቆዩበት ጊዜ ነበር፣ ሰዉም እንዲሁ ዝም ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ለወንድሜም ያንኑ አክብሮት ነው የሰጡት። ለአባቱ የሠራውን ሥራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መቃኘት ነው ብለው በትዕግሥት ጠበቁለት። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

መርስዔ ወደ አለቃ አልዞረም። ወደ እኔ ነው የዞረው። በገና ነው ያልኩት እኔ ነኝና መልሱም የኔ ነበር። አለቃ፣ ጨርሷል ብል ያበቃ ነበር። ይህን ለመናገር የሚያስፈልገው አፍ ደግሞ ሞልቶኛል። ግን ያን ሁሉ ዓይን አየሁ። ጨርሷል ብል የሚከተለውን ዝምታ፣ የሚያዩኝን አስተያየት፣ የተሾመችን ፊት አየሁ። ይሉኝታዬ ቀደመኝ።

«አዎ አለቃ፣ መንገዱ ሩቅ ሆኖ አውታሩ ላልቶበት ነው። እስካሁን እየቃኘ ነበር፣ አሁን ይጀምራል» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያውም በጾም።

ወንድሜ ምንም አልተናገረም። አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ የአባባን የጾም መዝሙር፣ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን፣ ጀመረ። በድምፁም ዘመረው፤ ድምፁ የአባባን ነው የሚመስለው። ሴቱ ሁሉ አለቀሰ። ተሾመችማ ልትታገሥ አልቻለችም። ሲያበቃ አለቃ ቃለ ሕይወት ያሰማልን አሉ፣ ሰዉም አሜን አለ። እየመጡ ትከሻውን ሳሙት፤ የአባትህ ልጅ ነህ እያሉ መረቁት። እሱ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ይላል፣ በዚያ ብርድ ግንባሩን አልቦታል። እኔ ዞር ብዬ አባባን ባይ፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ዓይናቸው ላይ እንባ አልነበረም።

መንገዱን ሁሉ እኔ ነኝ ያወራሁት። ሰዉ እንዴት እንዳለቀሰ፣ አለቃ ምን እንዳሉ፣ ከሞላሌ የመጡት እንዴት እንደተደሰቱ። ቤት ስንገባ አባባ መደቡ ላይ አረፍ አሉና መርስዔን በእጃቸው ጠሩት። ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«የመጀመሪያው አልገባኝም ልጄ» አሉት። «አልዋሽህም፣ አልገባኝም። ግን ጨርሰህ ነበር። መጨረሱን ሰምቻለሁ።»

መርስዔ ቀና ብሎ አያቸው። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም፤ ደስታውና ሐዘኑ እኩል ነው የመጣው።

«ታዲያ የጨረስከውን ለምን ካድከው?» አሉት።

እኔ አልካድኩም፣ እሷ ናት ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔ ግን ሲወቀስ መስማቱን አልቻልኩትም፤ አባባ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ እሱ ምንም አላለም አልኩ። ያን ስል እንኳ ሙገሳ ቢጤ የፈለግኩ ይመስለኛል፣ እውነቱን ተናገረች እንዲሉኝ።

«አንቺንም ሰምቼሻለሁ» አሉኝ።

ሌላ ነገር አልጨመሩም። አባባ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ፣ በልጅነቴ በአለንጋም ገርፈውኛል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ወደ ጓዳ ገብቼ የሌለ ሥራ ስፈልግ ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ መርስዔን ለመንኩት። አሁን እዚሁ ቤት፣ ማንም በሌለበት፣ ደጋኗንም አውጥተህ አጫውታቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አንዴ ሰምተውኛል፣ ሁለተኛ ባደርገው ይቅርታ መጠየቅ ነው የሚሆነው አለ። ተቆጥቶ ቢሆን በተሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ሻይ አፈላልኝ። በማግስቱ ቤዙን ማኅደሩ ውስጥ አስገባና ሄደ። የሸኙት ሰዎች ሚኒባሱ ላይ ሲጫን፣ በገናውን ቀስ አድርጉት እያሉ ረዳቱን ይቆጡ ነበር።

ዳግማ ትንሣኤ ሲያልፍ አባባ ወረዱ። መርስዔ ተመልሶ መጥቶ እስከ ገዳሙ በር ሸኛቸው፤ እኔ እስከ ሞላሌ ነው የሄድኩት። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ፣ ፈገግም ብለውልኛል። ፈገግታቸው ግን እፍረቴን አላነሳልኝም። ይህ ወንድሜ ያንን እንጨት እያቀፈ ዓለምን ሲዞር የጠበቀው አንድ ሰዓት ነበር። ያቺንም ሰዓት ከመዳፉ ነጥቄ ለተሾመች ፊት ብዬ ጣልኳት።

ክረምቱ መግቢያ ላይ መርስዔ ደወለ። አዲስ ሸክላ ወጥቷል አለ። በውጭ አገር ከዚህ በፊት ከሠራቸው ሁሉ በላይ ተወርቶለታል፤ ስሙንም ሰንበቴ ቤት ብሎታል። መስኮቱ ላይ ባኖረው መቅረጫ የያዘው ነው። ደስ ብሎኝ ያ ሁሉንም ያስለቀሰው መዝሙር አለበት ወይ አልኩት። የለበትም አለ። የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ መጨረሻው ላይ የአለቃና የአንቺ ድምፅ አለ። አላወጣሁትም።»

እጄ ላይ የነበረው ባና ወደቀ። ልታዋርደኝ ነው አልኩት፤ ጀርመኑም ኖርዌዩም እኔ ስዋሽ ሊሰማ ነው ወይ አልኩት። አማርኛ አያውቁም አለኝ፣ ትንሽ ሊያስቀኝ ፈልጎ። ሳልስቅለት ስቀር እውነቱን ነገረኝ።

«አባባ ጨርሰህ ነበር ያሉኝ እዚያ ጋ ነው። እናንተን ባወጣ መጨረሻው ሌላ ይሆናል። ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም፤ እኔም አለሁበት፣ ዝም ስል ይሰማል።»

በስልኬ ላከልኝ። ገበያ በሌለበት ቀን፣ ጉሙ ሲወርድና ደንበኛ ሲጠፋ፣ ስልኩን ባናዎቹ መካከል አስቀምጬ አዳምጠዋለሁ። አሁንም አልወደውም። እንጨቱን በመዳፉ መታ መታ የሚያደርግበት ቦታ ግን አለ፤ እሱን እጠብቀዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ተሾመች አንድ ቀን ገብታ ምንድን ነው አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። ቆማ ሰማችና፣ አሃ፣ ሲቃኝ የነበረው ነው ብላ ባናውን መዳሰስ ጀመረች። አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ዋጋውን ነው የነገርኳት።

ድምፁ መሳሳት፣ በመካከሉ ዝምታው መርዘም ሲጀምር እጄ ራሱ ሄዶ ስልኩን ያጠፋዋል። አለቃ ሊናገሩ ነው፣ ከሳቸው በኋላ ደግሞ እኔ። ያን ዕለት የሰው ፊት ሳይ አመለጠኝ፣ አሁን ደግሞ የራሴን ድምፅ ስፈራ ያመልጠኛል። አባባ የሰሙትን መጨረሻ እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።